ኳሷ ላይ አትቀመጥ!

ከከብት ቆዳ እስከ ፖሊመር፣ ከጄፍ አስትል ቴስታ እስከ ትዕግስት አሰፋ ጫማ

በሰፈር ቡድን ተጫውቶ ያደገ ሁሉ ይህችን ቁጣ ያውቃታል። ልምምድ አልቆ፣ ላብ ሳይደርቅ፣ አንዱ ደክሞት ኳሷን ወንበር አድርጎ ቁጭ ይላል። ወዲያው ከሜዳው ማዶ የአሰልጣኙ ድምፅ ይመጣል። «አንተ! ኳሷ ላይ አትቀመጥ! እንቁላል ልታደርጋት ነው እንዴ?» ልጁ ብድግ ይላል። ጋሼ ለምን እንደሚቆጡ ግን የሚጠይቅ የለም። ኳስ በመዋጮ በምትገዛበት ሰፈር ነገሩ የንብረት ጥበቃ ብቻ ይመስለናል።

ነገሩ ግን ከዚያ በላይ ነው። ያቺ ቁጣ ውስጥ ትልቅ ሳይንስ አለ። ኳስ ለምን ትነጥራለች? ለምን በብርድ ቀን ድንጋይ ትሆናለች? የድሮ ተጫዋቾች በቴስታቸው ምን ከፈሉ? የዛሬዎቹ ሯጮችስ ጫማቸው ውስጥ ምን ደብቀው ነው የሚበሩት? የሁሉም መልስ አንድ ቦታ ይገናኛል፤ ፖሊመር የሚባለው ነገር ጋ።

ግማሹ ሞላ፣ ግማሹ ማር

ፖሊመር ማለት እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰካክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቶቹ በሥርዓት ተደርድረው አይቀመጡም። ድስት ውስጥ እንደተቀቀለ ፓስታ እርስ በርስ ተጠላልፈው ነው የሚኖሩት። ፌስታል ፖሊመር ነው። የመኪና ካላማዳሪ ፖሊመር ነው። ማስቲካም፣ የታኬታ ጫማ ጥርስም፣ የኳሷ ቆዳ የምንለውም (ቆዳ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል) ሁሉም ፖሊመር ናቸው።

ታዲያ ሁሉም ሰንሰለት ከሆኑ ለምን ጠባያቸው ይለያያል? ቤታችሁ ያለውን ፌስታል ያዙና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ይለጠጣል፤ ስትለቁት ግን እንደተለጠጠ ይቀራል። አሁን ደግሞ ልጅ ሆናችሁ ወንጭፍ የሠራችሁበትን የካላማዳሪ ቁራጭ አስታውሱ። ተስቦ ተስቦ ሲለቀቅ «ጧ!» ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ልዩነቱ ቋጠሮው ላይ ነው። የፌስታሉ ሰንሰለቶች አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ይችላሉ። የጎማው ሰንሰለቶች ግን እዚህም እዚያም በድኝ ተቋጥረዋል። ቢለጠጡ እንኳን ቋጠሮው ይጎትታቸውና ይመልሳቸዋል።

ጎማን በድኝና በእሳት መቋጠር የቻለው አሜሪካዊው ቻርለስ ጉድይር ነው። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1839፣ የባለቤትነት መብቱ ደግሞ በ1844 ነው። ከእሱ በፊት ጎማ በበጋ የሚቀልጥ፣ በክረምት የሚሰነጠቅ የማይረባ ነገር ነበር። በ1855 ጉድይር በዚሁ ጎማ የእግር ኳስ ሠራ። በእንግሊዟ ራግቢ ከተማ ደግሞ ሪቻርድ ሊንደን የተባለ ጫማ ሰሪ በ1860ዎቹ የጎማ ካላማዳሪ ኳስ ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ከዚያ በፊት ኳስ ውስጥ የሚገባው በአፍ የሚነፋ የአሳማ ፊኛ ነበር! ዛሬ ኮከቦች የሚሳለሟት ኳስ አመጣጧ ይኸው ነው።

ወደ ጋሼ ቁጣ እንመለስ። የብረት ሞላ ብትጫኑት የሰጣችሁትን ጉልበት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይመልሳል። ማር ላይ ብትጫኑ ምንም አይመልስም፤ ይፈስሳል እንጂ። ፖሊመር ከሁለቱ መሐል ነው። ግማሹ ሞላ፣ ግማሹ ማር። የዘርፉ ሰዎች ይህን ጠባይ «ቪስኮኤላስቲክ» ይሉታል። ቃሉ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን አፋችሁ ውስጥ አለ። ማስቲካ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እንደ ክር ይረዝማል። ያንኑ ማስቲካ በፍጥነት ብትነጥቁት ይበጠሳል። ማስቲካው አልተቀየረም፤ የተቀየረው የሰጣችሁት ጊዜ ነው። ጊዜ ሲያገኝ እንደ ማር ነው፤ ጊዜ ሲያጣ እንደ ሞላ።

ኳስና እግር ሲገናኙ የሚነካኩት ለአንድ መቶኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅፅበት ሰንሰለቶቹ ተንሸራትተው ቦታ ለመቀየር ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ኳሷ ትጨፈለቅና ወዲያው ወደ ክብነቷ ትመለሳለች። ጎረምሳ አሥር ደቂቃ ሲቀመጥባት ግን ሰንሰለቶቹ ጊዜ አገኙ። ቀስ በቀስ ይንሸራተታሉ፤ የቁጭታውን ቅርፅ ይለምዳሉ። ይህን አዝጋሚ መለጠጥ ባለሙያዎቹ «ክሪፕ» ይሉታል። በተደጋገመ ቁጥር ኳሷ ሙሉ በሙሉ አትመለስም። ጋሼ «እንቁላል» ያሉት ይህንን ነው። ጋሼ ልክ ነበሩ!

ሁለት ሜትር ላይ የሚሰጠው ፈተና

ፊፋ ለከፍተኛ ደረጃ ውድድር የሚያጸድቃት ኳስ ከተጫዋች በላይ ትፈተናለች። አንዱ ፈተና ቀላል ነው። ኳሷ ከ2 ሜትር ከፍታ የብረት ወለል ላይ ትለቀቃለች። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከ135 እስከ 155 ሴንቲ ሜትር መንጠር አለባት። ከዚያ ካነሰች ወደቀች። ከዚያ ከበለጠችም ወደቀች!

እስቲ ቁጥሩን እንፍታው። ከ200 ሴንቲ ሜትር ወርዳ 135 ከነጠረች የያዘችውን ጉልበት 67 በመቶ ግድም መለሰች ማለት ነው። 155 ከነጠረች ደግሞ 77 በመቶ ግድም። የቀረውስ የት ገባ? የ«ማሩ» ድርሻ ነው። ሰንሰለቶቹ ሲተሻሹ ወደ ሙቀት ተቀየረ። የጎማ ቁራጭ ይዛችሁ ደጋግማችሁ ብታጥፉና ብትዘረጉ እጃችሁ ላይ ሞቅ ሲል ይታወቃችኋል። ያ ነው።

«ታዲያ ጉልበት የማታባክን ኳስ ለምን አይሠሩም?» የሚል አይጠፋም። እንዳይሠሩላችሁ ጸልዩ! ዚዳን ከሰማይ የወረደችን ኳስ በእግሩ ጫፍ ተቀብሎ ሲያስተኛት የምናጨበጭበው ኳሷም የድርሻዋን ስላገዘችው ነው። ጉልበቷን ሁሉ የምትመልስ ኳስ ከደረት ላይ ተስፈንጥራ ከሜዳ ትወጣለች። ስቶፕ የለም፣ ንክኪ የለም፣ ጨዋታው የጠረጴዛ ቴኒስ ይሆናል። ኳስን ኳስ ያደረጋት የሞላውና የማሩ ሚዛን ነው።

ሌሎቹም ፈተናዎች ቀላል አይደሉም። ኳሷ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2,000 ጊዜ ከብረት ጋር ትላተማለች፤ ከዚያ በኋላ ክብነቷና መጠኗ ይለካል። ውኃ ውስጥ 250 ጊዜ እየተገላበጠች ትጨመቃለች፤ በአማካይ ከክብደቷ ከ10 በመቶ በላይ ውኃ መጠጣት የለባትም። ተነፍታ ለሦስት ቀን ትቀመጣለች፤ ከ20 በመቶ በላይ አየር ማጣት አይፈቀድም። አየር የመያዙ ጉዳይም የካላማዳሪው ፖሊመር ዕዳ ነው። ቡታይል የሚባለው ጎማ አየር ለብዙ ጊዜ ይይዛል። ላቴክስ የሚባለው ደግሞ ለስለስ ያለ ስሜት ይሰጣል፤ ግን አየሩን ቶሎ ያስወጣል። «ትናንት ነፍቻት ዛሬ ረገበች» ብላችሁ ሻጩን ከመስደባችሁ በፊት ውስጧ ያለው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ዝናብ ጠጥቶ የሚከብድ ኳስ

የድሮው ኳስ ይህን ፈተና ያልፍ ነበር? አይታሰብም። በ1930 የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ኡራጓይና አርጀንቲና «በእኔ ኳስ ነው የምንጫወተው» ብለው ተጣሉ። መጨረሻ ላይ አንዱን አጋማሽ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ኳስ እንዲጫወቱ ተወሰነ። በመጀመሪያው አጋማሽ በአርጀንቲና ኳስ አርጀንቲና 2 ለ 1 መራች። በሁለተኛው በኡራጓይ ኳስ ኡራጓይ ጨዋታውን 4 ለ 2 ጨረሰች። ኳስ ሁሉ አንድ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው!

የቆዳ ኳስ ትልቁ ጠላት ዝናብ ነበር። ቆዳ ውኃ ይጠጣል። ጨዋታ ሲጀመር በደንቡ ክብደት የነበረች ኳስ በጭቃና በዝናብ ዘጠና ደቂቃ ስትንከባለል ከብዳ ትጨርሳለች። በ1954 ምዕራብ ጀርመን ሃንጋሪን 3 ለ 2 የረታችበት የበርኑ ፍጻሜ በዝናብ ነው የተካሄደው። የዚያን ዘመን ተጫዋቾች ኳሷን በቴስታ ሲገጩ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያቅትም።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው መራር የሚሆነው። ጄፍ አስትልን የእንግሊዝ ኳስ ታሪክ የሚከታተል ያስታውሰዋል። የዌስትብሮሚች አልቢዮን አጥቂ፣ በቴስታ ጎሎቹ የታወቀ፣ በ1968 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ኤቨርተንን 1 ለ 0 የረቱበትን ጎል ያስቆጠረ ጀግና ነው። በጥር 2002 በ59 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት አእምሮው ከድቶት ነበር። በዚያው ዓመት የሞቱን ምክንያት የመረመረው ዳኛ ለዓመታት ከባድ የቆዳ ኳስ በጭንቅላቱ መግጨቱ አንጎሉን እንደጎዳው ደምድሞ ሞቱን «ከሥራ የመጣ በሽታ» አለው። በማዕድን ጉድጓድ ለሚሠራ ሰው የሚሰጥ ዓይነት ብይን ለእግር ኳስ ተጫዋች ተሰጠ።

ብዙ ሰው ነገሩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። «ያ የቆዳ ኳስ ነበር፤ የአሁኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀሏል» ይላል። ተሳስቷል! ደረቅ ኳስ በደንቡ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው፤ ይህ መጠን ከ1937 ጀምሮ ያው ነው። ፖሊመሩ ያስቀረው ውኃ መጠጣቱን ነው። ደረቁን ክብደት አልቀነሰውም። የዛሬዋ ኳስ ደግሞ በፍጥነት ትበራለች።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። 430 ግራም የምትመዝን ኳስ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር እንድትበር በአንድ መቶኛ ሰከንድ ውስጥ ለመምታት በአማካይ የ130 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ያ እግር ላይ ነው። እንዲያ የምትበር ኳስ ፊት ጭንቅላቱን የሚደቅነውን ተከላካይ አስቡት።

በ2019 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን መዝገብ ከሌላው ሕዝብ ጋር አስተያዩ። ተጫዋቾቹ በአንጎል መመንመን በሽታ የመሞት ዕድላቸው 3 ተኩል እጥፍ ግድም ሆኖ ተገኘ። በ2021 ደግሞ በቦታ ሲለዩት የተከላካዮች ስጋት 5 እጥፍ ገደማ ሲሆን የበረኞች ግን ከሌላው ሰው ጎልቶ የሚለይ አልሆነም። ጥናቱ እያንዳንዱ ተጫዋች ስንት ቴስታ እንደመታ አልቆጠረም። ግን በረኛ ቴስታ አይመታም፤ ተከላካይ ይመታል። ቀሪውን አንባቢ ይፍረድ።

እርምጃ መወሰድ የጀመረውም ለዚህ ነው። አሜሪካ በ2015 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ሕፃናት ቴስታን ከለከለች። የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የሰሜን አየርላንድ ፌዴሬሽኖች በ2020 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይመቱ መመሪያ አወጡ። በእንግሊዝ ከ2021 ጀምሮ ለፕሮፌሽናሎቹ ሳይቀር በሳምንት ልምምድ ከ10 የበለጠ ኃይለኛ ቴስታ እንዳይመቱ ተመከረ። እኛ ሰፈር ግን አሁንም ጠንካራ ኳስ ለሕፃን እየወረወርን «በግንባርህ! አትፍራ!» የምንል አለን። ለልጅ ትንሽና ለስለስ ያለች ኳስ መምረጥ ፈሪ ማድረግ አይደለም።

1986፦ ሁለት ታሪክ በአንድ ዓመት

በ1970 ሜክሲኮ ላይ የታየችው ባለ 32 ቁራጭ፣ ጥቁርና ነጯ «ቴልስታር» የቆዳ ነበረች። የ1982ቷ «ታንጎ ኤስፓኛ» ከዓለም ዋንጫ የቆዳ ኳሶች የመጨረሻዋ ሆነች። በ1986 ሜክሲኮ ላይ «አዝቴካ» መጣች። ሙሉ በሙሉ ከሰው ሠራሽ ፖሊመር የተሠራች የመጀመሪያዋ የዓለም ዋንጫ ኳስ እሷ ናት። ማራዶና እንግሊዞች ላይ በእጁ ያስቆጠረው፣ ከአራት ደቂቃ በኋላም ግማሽ ቡድን አልፎ የደገመው በዚህችው ኳስ ነው። ጨዋታውን የመሩት ቱኒዚያዊው ዳኛ አሊ ቢን ናስር ያችን ኳስ አስቀምጠው ኖረው በ2022 በጨረታ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠች። የፖሊመር ዋጋ ሰማይ ነካ ማለት ይህ ነው!

በዚያው ዓመት ግን ፖሊመር ሌላ ታሪክም ጽፏል። ጥር 28 ቀን 1986 የአሜሪካዋ መንኮራኩር «ቻሌንጀር» ከተነሳች ከ73 ሰከንድ በኋላ ተበታትና ሰባት ጠፈርተኞች አለቁ። ምክንያቱ የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚደፍን የጎማ ቀለበት ነው። ሌሊቱ እጅግ በርዶ ነበርና ጎማው ደረቀ፤ ክፍተቱን ለመድፈን በቶሎ ወደ ቅርፁ መመለስ አቃተው። ሳይንቲስቱ ሪቻርድ ፋይንማን በምርመራው ስብሰባ ላይ የጎማውን ቁራጭ በረዶ ባለበት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነክረው እንዴት እንደሚሰንፍ በአደባባይ አሳዩ።

ይህ ከኳስ ጋር ምን አገናኘው? ሁሉ ነገር! ፖሊመር ሲበርድ ሰንሰለቶቹ ይገትራሉ፤ ማስቲካ እያኘካችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ስትጠጡ እንደሚደርቀው ማለት ነው። በአውሮፓ የታኅሣሥ ብርድ ኳሷ ከበድና ደረቅ የምትለው አንዱ በዚህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት አየሩ ነው። ሞቃት መልበሻ ክፍል ውስጥ በ25 ዲግሪ 0.8 አትሞስፌር የተነፋች ኳስ 0 ዲግሪ ሜዳ ላይ ስትቀዘቅዝ ግፊቷ ወደ 0.65 ገደማ ይወርዳል። ማንም ሳይነካት ረገበች። የደንቡ ወሰን ከ0.6 እስከ 1.1 ስለሆነ አትባረርም፤ ግን ያችው ኳስ አይደለችም።

ለእኛ ደግሞ ተቃራኒው ይሠራል። ጅቡቲ ላይ፣ ከባሕሩ አጠገብ 0.8 ተነፍታ በባቡር አዲስ አበባ የመጣች ኳስ እዚህ ስትደርስ 1.04 አካባቢ ትሆናለች። ውስጧ የተጨመረ አየር የለም፤ በእኛ ከፍታ የውጪው አየር ግፊት ስላነሰ ነው። ኳሷ ትጠነክራለች፣ ትዘላለች። ከዚያም ስስ አየር ውስጥ ስለምትበር ፍጥነቷን ቶሎ አታጣም። ከቆላ የመጣ በረኛ «ምን ነካት?» ቢል አትፍረዱበት።

ጃቡላኒ ምን አጠፋች?

የ2010ሯን «ጃቡላኒ» ማን ይረሳል? አፍሪካ ላይ የተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ፣ ቩቩዜላው፣ የአሳሞአ ጂያን ሪጎሬ አግዳሚ ስትመታ የሰበረችው ልባችን... (እሷ እንኳን የኳሷ ጥፋት አልነበረችም!) በረኞቹ ግን ከውድድሩ በፊት ነው ማማረር የጀመሩት። የብራዚሉ ጁሊዮ ሴዛር ከሱፐርማርኬት ከምትገዛ ኳስ ጋር አመሳስሏት ነበር።

ጃቡላኒ ስምንት ቁራጭ ብቻ ነበራት። ቁራጮቹ በክር አልተሰፉም፤ በሙቀት ተጣብቀዋል። ፖሊመር በሙቀት ለስልሶ ስለሚቀረፅና ስለሚጣበቅ እንጂ ቆዳ ቢሆን ይህ አይሞከርም ነበር። ውጤቱም ከመጠን ያለፈ ክብና ለስላሳ ኳስ ሆነ። ችግሩም እሱ ነበር። የናሳ ተመራማሪዎች በንፋስ መፈተኛ ሲያዩዋት፣ ሳትሽከረከር በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ስትበር በአየር ላይ ትዋዥቅ ነበር። የድሮዋ ስፌት አየሩን እየቧጠጠ ያረጋጋት ነበር፤ ጃቡላኒ መቧጠጫ አነሳት። በ2014 የመጣችው «ብራዙካ» ቁራጯ ወደ ስድስት ቢወርድም መጋጠሚያዋ ረዥምና ጥልቅ፣ ገጿም ሻካራ ተደርጎ ተሠራ፤ ጩኸቱም ጠፋ። ለ2026 ዓለም ዋንጫ የተሠራችው «ትሪዮንዳ» ደግሞ አራት ቁራጭ ብቻ ናት፤ በላይዋ ግን ሆን ተብሎ የተቀረፁ ጥልቅ መስመሮች አሏት። ከስህተት መማር ይሏል ይህ ነው።

ከአበበ ባዶ እግር እስከ ትዕግስት ጫማ

ኳስ አፍቃሪው አይቀየመንና አንድ ጊዜ ወደ አትሌቲክስ እንሻገር፤ ይህ ሳይንስ የእኛን ቤት በደንብ ያንኳኳው እዚያ ነውና። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2:15:16 ጨረሰ። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ያን ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ 2:12:11 ገባ። ሁለቱም የዘመኑ ምርጥ የዓለም ሰዓቶች ነበሩ። መስከረም 2023 በርሊን ላይ ትዕግስት አሰፋ በ2:11:53 በወቅቱ የነበረውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ18 ሰከንድ ፈጠነች ማለት ነው!

ሥልጠናው ተቀይሯል፣ አመጋገቡ ተቀይሯል፣ ጎዳናው ተቀይሯል። ጫማውም እንደዚሁ። የትዕግስት አዲዳስ 138 ግራም ብቻ ነበር የሚመዝነው፤ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። የእነዚህ አዳዲስ ጫማዎች ምስጢር ሶላቸው ውስጥ ያለው ፎም ነው። በ2018 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት የናይኪን አዲስ ፎም ሲለካው የተረገጠበትን ጉልበት 87 በመቶ መልሷል፤ የቀድሞው የውድድር ጫማ የመለሰው 66 በመቶ ነበር። ሯጮቹም በአማካይ 4 በመቶ ያህል ጉልበት ቆጠቡ። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ገብቶ የኪፕቾጌን የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ ሲስት ያጠለቀው ከዚሁ ዘር ነው። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይወፍር የደነገገውም «ሰውየው ነው የሮጠው ወይስ ፎሙ?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ነው።

ግን ማሩ እዚህም አለ። የትዕግስት ጫማ ከመለማመጃው ሌላ ለአንድ ማራቶን ታስቦ የተሠራ ነው። በሺህ የሚቆጠር እርምጃ ሲደበድበው ፎሙ ይደክማል፤ እንደተቀመጡባት ኳስ ይለምዳል። የአበበ እግር ግን ለሁለተኛ ቀንም ያው እግር ነበር።

እንግዲህ ለሰፈር ቡድን

ከዚህ ሁሉ ወሬ ለሜዳችን የሚጠቅመን ምንድነው? ኳሷን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉአት፤ ሙቀት ፖሊመሩን ያስረጀዋል፣ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። ለረጅም ጊዜ የማትጫወቱባት ከሆነ ጥቂት አየር ቀንሱላት፤ ተወጥራ ወር የከረመች ኳስ ትለጠጣለች። መርፌውን ሳታርሱ አትክተቱ፤ የካላማዳሪውን አፍ ይቀደዋል። ጠዋት በብርድ የነፋችኋትን ኳስ እኩለ ቀን ላይ መልሳችሁ ለኩ። ለሕፃናት ደግሞ ለስለስ ያለችውን ስጡ፤ ግንባራቸው ገና ብዙ ይሠራል።

ፌስታልና ጨርቅ ካልሲ ውስጥ ጠቅጥቀን የሠራናት ኳስ ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ናት። አትነጥርም፣ አየር አታጣም፣ ብርድ አይገባትም። ብትቀመጡባትም አትጎዳም። እውነተኛዋን ኳስ በመዋጮ ከገዛችሁ በኋላ ግን የጋሼን ቃል ስሙ።

ኳሷ ላይ አትቀመጡ!